ከመውደቁ በፊት የተሰማው ጩኸት

«ሸሚዙ የሲሚንቶ አቧራ ለብሷል፤ ሱሪው ግን አሁን ከቁምሳጥን የወጣ ይመስላል» አለ ዶክተር ዘሚካኤል። «ከጣሪያ የወደቀ ሰው ከወገቡ በላይ ብቻ አይቆሽሽም።»

ኢንስፔክተር የትምወርቅ በሆስፒታሉ የአስከሬን ክፍል ውስጥ በሬሳው ዙሪያ ቀስ ብላ ዞረች። መቀሌ፣ ሓድነት በሚባለው ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ የወሎ አባትና የዓዲግራት እናት ልጅ ናት። በወንጀል ምርመራ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ባልደረቦቿ «ከጥያቄዋ ይልቅ ዝምታዋ ያስፈራል» ይሏታል።

ሟቹ መምህር ሥዩም ይባላል። አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ከደብረ ብርሃን መጥቶ መቀሌ ውስጥ ሒሳብ ማስተማር ከጀመረ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። እዚሁ አግብቶ አንዲት ልጅ ወልዷል። በዚያ ቅዳሜ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ሓድነት ካለው ቤቱ ጣሪያ ላይ ወድቆ ሞተ። ሳጅን ፍሰሃ ቦታው ላይ እንደደረሰ የሚስቱን ወንድም ኣሉላን አሰረ፤ ከመውደቁ ጥቂት ቀደም ብሎ ሁለቱ ሲጣሉ ጎረቤት ሰምቷልና።

«ቀበቶውን እየው» አለች የትምወርቅ። «ሁለት ማለፊያ ዘሏል፣ ዘለበቱም ወደ ጎን ሄዷል። ራሱ የታጠቀው አይደለም።»

«እኔም ያንን ብዬ ነው የጠራሁሽ። የሞተው አንገቱ ተሰብሮ ነው፤ ብዙ አልተሠቃየም። አንድ የከነከነኝ ነገር ግን አለ።» ሐኪሙ የሟቹን አፍ በጥንቃቄ ከፈተ። «ምላሱን በግራ በኩል ክፉኛ ነክሶታል። ይሄ ሲወድቅ የደረሰበት ሊሆን ይችላል። በቀኝ በኩል ደግሞ ሌላ ንክሻ አለ። እሱ የዳነ፣ የብዙ ዓመት ጠባሳ ነው።»

«በልጅነቱ ወድቆ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለ ዘሚካኤል። ድምፁ ግን እንዳላመነበት ያስታውቅ ነበር።

የሥዩም ቤት ባለ አንድ ፎቅ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ኮንክሪት ሆኖ ዳርና ዳሩ ላይ ገና ያልተቆረጡ ብረቶች ቆመዋል፤ መከላከያ አጥር የለውም። የውኃ ማጠራቀሚያው ሮቶ ከጣሪያው ጠርዝ አንድ ክንድ ብቻ ርቆ ተቀምጧል። የትምወርቅ በውጭው ደረጃ ወጥታ ከሮቶው ሥር ተንበረከከች። አቧራው ላይ የአንድ ሰው ጫማ ዱካ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ የሁለት ሰው ዱካ አለ። የአንደኛው ወጥቶ ወርዷል። የሌላኛው ወጥቶ አልወረደም። ይህ ሁለተኛው ዱካ ከሮቶው አጠገብ ጠፍቶ፣ በምትኩ ሁለት አጫጭር ጭረቶች ነበሩ። ተረከዝ እየተመላለሰ መሬቱን የፋቀው ይመስላሉ። ሮቶውን በጣቷ አንኳኳችው። ባዶ ነው።

«ውኃ የመጣው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብላ ፍሰሃን ጠየቀችው።

«ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ዛሬ ነው የመጣው፤ ያውም ከሰዓት፤ ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ገና ጣሪያ አልደረሰም። ጠዋት ሁሉም ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ ነበር።»

ከጣሪያው ላይ ሆና ወደ ግቢው ስትመለከት ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ አየች። አንድ የወንድ ሱሪ ብቻውን ተንጠልጥሏል፤ ውኃው ገና አልተንጠፈጠፈም። ከሥሩ ለቀስተኞች ወንበር ይደረድራሉ።

«ሰው በሞተበት ቀን የማን ልብስ ይታጠባል?» አለች፣ ለፍሰሃም ለራሷም።

ከግቢው በር ፊት ለፊት ሀፊሳ የምትባል ሴት ሱቅ አላት። ጠቡን ሰማሁ ያለችው እሷ ናት።

«ኣሉላ 'ፈሪ ነህ' ሲለው ሰምቻለሁ» አለች። «ከግንቡ የተነሣ ግን ያየሁት ነገር የለም። ትንሽ ቆይቶ ጩኸት ተሰማ።»

«ሲወድቅ ማለት ነው?»

«አይደለም፤ ከመውደቁ በፊት። ወላሂ የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። ስኳር እየመዘንኩ ነበር። ሚዛኑን አስቀመጥኩ፣ እጄን ጠረግኩ፣ ወደ ደጅ ወጣሁ። ያኔ ሮቶው ዱብ ዱብ ይላል፤ አንድ ሰው በርግጫ የሚመታው ይመስል። ከዚያ በኋላ ነው የወደቀው።»

የትምወርቅ ይህንን ሁለት ጊዜ አስደገመቻት፤ ሀፊሳ ሁለቴም ያንኑ ቅደም ተከተል ተናገረች።

ኣሉላ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ባጃጅ ያሽከረክራል።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«እኔ ለሳምንት ዓዲግራት ልሄድ ነበር። እናታችን ዓይኗን ትታከማለች፤ ዓይደር ሆስፒታል የሚያመላልሳት ሰው ያስፈልጋል። ባጃጁን ልተውልህና አንተ አድርሳት አልኩት። እምቢ አለ።»

«ምክንያት አልሰጠም?»

«ሰጥቶ አያውቅም። መንዳት ላስተምርህ እያልኩ አሥራ ሁለት ዓመት ለምኜዋለሁ፤ መሪ ጨብጦ አያውቅም። ሓቁን ልንገርሽ፣ እናቴን የናቃት መሰለኝ። ሮቶውን አይቼ ስወርድ 'ፈሪ ነህ፣ የገዛ ቤትህ ጣሪያ ላይ እንኳ ወጥተህ አታውቅም' አልኩት።» ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀጠለ። «ጀርባውን ሰጥቶኝ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። እኔ ወደ ጓሮ ሄጄ የቧንቧውን መዝጊያ እፈታ ነበር። ሲወድቅ ሰማሁ። ደርሼ አነሣሁት። እህቱ 'መኪና አምጣ' ስትለኝ ሮጥኩ።»

«ስንት ደቂቃ ቆየህ?»

«ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ነዳጅ አልነበረኝም፤ የሰው መኪና ለምኜ ነው የተመለስኩት።»

«ስትመለስ ሥዩም የለበሰው ልብስ ያው ነበር?»

ኣሉላ ቀና ብሎ አያት። «በነጠላ ሸፍናው ነበር። ልብሱን አላየሁም።»

የሟቹ እህት የሺወርቅ ሃምሳ ዓመት የሞላቸው፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ከደብረ ብርሃን የመጡት ረቡዕ ዕለት ነው። መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩ ጠፍቶ፣ ከዚያም ሞትና ሕመም እያከታተለ ሲያግዳቸው ወንድማቸውን ካዩ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር። ሦስት ቀን አብረውት ሰነበቱ፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። ፍራሽ ላይ ተቀምጠው የትምወርቅን በደረቀ ዓይን ተቀበሏት።

«እትዬ የሺወርቅ፣ ኣሉላ መኪና ሊያመጣ ሲሄድ ከሬሳው ጋር ማን ነበር?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

«ሚስቱ ትምኒት ገበያ ነበረች። ልጅቷ ማሂ አያቷ ጋ ናት። እኔ ብቻ።»

«ሱሪውን ማን ቀየረው?»

«ማንም አልቀየረው። ያው የለበሰው ነው።» መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የተዘጋጀ ይመስል ነበር።

የትምወርቅ ዝም አለች። ከቤት ውስጥ ሰው ሲጠራቸው ሊነሡ ፈልገው ጉልበታቸውን ይዘው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ጉልበትዎን ያምዎታል? ምን ይወስዱለታል?»

የሺወርቅ በዚህ ጥያቄ ምንም ክፋት አላዩበትም። ከቦርሳቸው የኪኒን እሽግ አወጡ። «እግዜር ይስጠው፣ ይሄ ነው የሚያቆመኝ። ለሥዩምም ሰጥቼው ነበር፤ ወገቡን እንዲያ ሲያቃስት አላስችል ብሎኝ። ሐሙስ ማታ ጀመረልኝ።»

አይቡፕሮፌን ነበር። የትምወርቅ ስሙን በማስታወሻዋ ጻፈች።

ትምኒትን ጓዳ ውስጥ ብቻዋን አገኘቻት። የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ። በአንድ ቀን ባሏ ሞቷል፣ ወንድሟ ደግሞ ገዳይ ተብሎ ታስሯል። ለየትኛው እንደምታለቅስ የማታውቅ ሰው ፊት ነበራት።

«ሓወይ አልገደለውም» አለች፣ ሳትጠየቅ። «ወንድሜን አውቀዋለሁ። አፉ ነው ክፉ።»

«ሥዩም ታሞ ነበር?»

«ኩላሊቱን ነበር። ክሊኒክ ሄዶ ኢንፌክሽን ነው አሉት፤ ሲፕሮ አዘዙለት። መድኃኒቱን የገዛሁት እኔ ነኝ።» ከፍሪጁ ላይ ካርቶን አውርዳ ሰጠቻት። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ፓራሲታሞል ጥራይ» ተብሎ በትግርኛ ተጽፏል፤ ፓራሲታሞል ብቻ ማለት ነው። «ፋርማሲስቷ ናት የጻፈችው። ለሕመሙ ከፓራሲታሞል ሌላ እንዳይወስድ አለችኝ፤ ነገርኩት።»

«አይቡፕሮፌን ሲወስድ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

ትምኒት ራሷን ነቀነቀች። «ቤታችን ውስጥ የለም።»

«ሌሊት ይተኛ ነበር?»

«ሁለት ሌሊት ዓይኑን አልከደነም። ኮሪደሩ ላይ ሲመላለስ ነው የሚነጋው።»

መድኃኒት ቤቱ ዓይደር ከክሊኒኮቹ መደዳ ነው። ፋርማሲስቷ ፍሬ ትባላለች። ካርቶኑን ስታይ የእጇን ጽሑፍ ወዲያው አወቀችው።

«ሴትየዋን አስታውሳታለሁ። የወገብ ማስታገሻ ጨምሪልኝ ስትለኝ ፓራሲታሞል ሰጠኋት። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከሲፕሮ ጋር እንዳይወስድ ነገርኳት።»

«ምክንያቱን ነገርሻት?»

«መጀመሪያ ጠየቅኳት። 'ባለቤትሽ የሚጥል በሽታ አለበት ወይ? ድሮም ቢሆን ጥሎት ያውቃል ወይ?' አልኳት። አለበት ብትለኝ ሲፕሮውንም አልሸጥላትም ነበር፤ ወደ ሐኪሙ ነበር የምመልሳት።»

«ምን መለሰችልሽ?»

«ሳቀች። 'ኧረ እሱ ጤነኛ ነው' አለችኝ።»

የትምወርቅ ከመድኃኒት ቤቱ ወጥታ ባጃጆቹ እስኪያልፉ መንገድ ዳር ቆመች። ገዳይ ፍለጋ የገባችበት ቤት ውስጥ ገዳይ አልነበረም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ደስ አላላትም።

ሰኞ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሁሉንም በሥዩም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ትምኒትና የሺወርቅ አንድ ሶፋ ላይ፣ ግን በሁለቱ ጫፍ ተቀመጡ። ሀፊሳ በሩ አጠገብ ቆመች። ፋርማሲስቷ ፍሬና ዶክተር ዘሚካኤል ጎን ለጎን ነበሩ። ፍሰሃ ኣሉላን በካቴና አምጥቶ ወንበር ሰጠው። ትምኒት ወንድሟን አየችውና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ከጩኸቱ እጀምራለሁ» አለች የትምወርቅ። «ተገፍቶ የሚወድቅ ሰው ሲወድቅ ነው የሚጮኸው። ሥዩም ግን ጮኸ፤ ሀፊሳ ሚዛኗን አስቀምጣ፣ እጇን ጠርጋ ወደ ደጅ ወጣች፤ ከዚያ ነው የወደቀው። በመካከሉ ባዶው ሮቶ እንደ ከበሮ ተመቷል። ሮቶው ሥር የተረከዝ ጭረት አለ። የኣሉላ ጫማ ግን ወጥቶ ወርዷል፤ እዚያ ቦታ ላይ ከሥዩም ጋር የታገለ የሁለተኛ ሰው ዱካ የለም።»

ፍሰሃ ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ ከማን ጋር ነው የታገለው?»

«ከማንም ጋር። ምላሱን በጎን ነክሷል። በሌላው ጎን የድሮ ንክሻ ጠባሳ አለው። አሥራ ሁለት ዓመት ቢለመን መሪ አልጨበጠም። የገዛ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አያውቅም። እነዚህን አራት ነገሮች አንድ ላይ ስታያቸው ፈሪ ሰው አይደለም የሚታይህ። ራሱን የሚጠብቅ ሰው ነው።» ወደ የሺወርቅ ዞረች። «ሮቶው ባዶ ነበር፣ ቧንቧውም ደረቅ። ሱሪው ግን በሽንት ርሶ ነበር። እርስዎ ያንን እንዳዩ የሆነውን አወቁ። ኣሉላን መኪና ብለው ላኩት፤ ሱሪውን ቀየሩለት፤ አጥበው አሰጡት። ለምን እንደሆነ እርስዎ ይንገሩን።»

«የሚጥል በሽታ ነበረበት» አሉ የሺወርቅ። «ከልጅነቱ። መንገድ ላይ ሲጥለው ሰው ይሸሻል፤ የማይሸሸው ደግሞ ክብሪት ጭሮ ያሸትተዋል። ሃያ ዓመት ሲሞላው በመድኃኒት ተወው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ጥሎት አያውቅም። እዚህ ሲመጣ 'እህቴ፣ ማንም ሳያውቀኝ ልኑር' አለኝ። ማልኩለት።»

«ወንድሜ ሦስት ቀን ታስሮ እያየሽ?» አለች ትምኒት። አልጮኸችም።

«ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ ነው። ማሂን አየኋትና አፌ ተያዘ። ነገ ትልቅ ስትሆን 'የአባቷ ዘር' እንዳይሏት ብዬ ነው። እንጂ ኣሉላ ይበላ ብዬ አይደለም።»

«ሃያ ዓመት የተወው በሽታ ለምን በዚያ ቀን ተመለሰ?» ሲል ፍሰሃ ጠየቀ። የትምወርቅ ለዶክተር ዘሚካኤል አንገቷን ነቀነቀችለት።

«አብዛኞቹ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ከማስታገሻ ጋር አይጣሉም» አለ ሐኪሙ። «ለዚህ ነው ሰው ሁሉንም አንድ የሚያደርገው። ሲፕሮ ግን ብቻውንም ቢሆን የሚጥል በሽታ በነበረበት ሰው ላይ ሊቀሰቅሰው ይችላል። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ሲጨመሩበት አደጋው ይብሳል። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ማጣትም አለበት። የቱ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው መዝኖ የሚነግራችሁ ሐኪም አይገኝም። ፓራሲታሞል በልኩ ቢወሰድ ግን ይህን አያመጣም ነበር።»

የሺወርቅ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «እኔ የሰጠሁት?»

ወደ ትምኒት ዞሩ።

«ካርቶኑን አይቼዋለሁ እኮ» አሉ። «'ፓራሲታሞል ጥራይ' ይላል። ጥራይ ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ የመድኃኒቱ ስም መስሎኝ። ፓራሲታሞሉ አልያዘለትም፣ ይሄ ይሻለዋል አልኩ። 'ትምኒት እንዳትቆጣኝ' ብሎ እየሳቀ ዋጠው።»

«ፋርማሲስቷ ጠይቃኝ ነበር» አለች ትምኒት። «የሚጥል በሽታ አለበት ወይ ብላኝ ነበር። ሳቅኩ። ማታ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰድ አልኩት፤ ስለ ጥያቄው ግን አልነገርኩትም። ለጤነኛ ሰው ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ብነግረው ኖሮ... ብነግረው ያኔ ይገባው ነበር።»

«እኔ ደግሞ ምክንያቱን ካርቶኑ ላይ ልጽፈው እችል ነበር» አለች ፍሬ፣ ቀስ ብላ። «ብቻ የሚለውን ብቻ ነው የጻፍኩት።»

የትምወርቅ ማስታወሻዋን ዘጋች። ከዚህ በፊት ሰው ሰብስባ ስትናገር መጨረሻው ላይ አንድ ሰው ይነሣና በካቴና ይወጣ ነበር። «አንቺ መድኃኒቱን ታውቂያለሽ፣ በሽታውን አታውቂም» አለቻት ትምኒትን። «እትዬ የሺወርቅ በሽታውን ያውቃሉ፣ መድኃኒቱን አያውቁም። ሁለቱንም ማወቅ የሚችለው እሱ ነበር፤ እሱ ደግሞ እንዳይታወቅበት ዝም አለ። ሥዩምን ማንም አልገደለውም። በመዝገቡም የምጽፈው ይህንኑ ነው። ፍሰሃ፣ ፍታው።»

ካቴናው ሲፈታ ኣሉላ እጁን አላሻሸም። ተነሥቶ ሊወጣ በሩ ጋ ደረሰና ቆመ።

«ምነው በነገረኝ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «እናቴን በጀርባዬ ተሸክሜ አደርሳት ነበር።»

የሺወርቅ ሁለት እጃቸውን ለፍሰሃ ዘረጉ። «እኔን እሰሩኝ።»

«ሬሳ መነካካትና የሐሰት ቃል መስጠት ያስጠይቃል» አለች የትምወርቅ። «ነገ ጣቢያ መጥተው ቃልዎን ይሰጣሉ፤ ከዚያ ዐቃቤ ሕግ የሚለውን ይላል። ዛሬ ግን ሐዘንዎን ይቀመጡ።»

ሌሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። የትምወርቅ ደረጃው ሥር ቆማ ፍሰሃን ስትጠብቅ፣ በተከፈተው መስኮት በኩል የሺወርቅ ልብሳቸውን ቦርሳ ውስጥ ሲከቱ አየቻቸው። አንዱን ቀሚስ ሦስት ጊዜ አጣጠፉት። ትምኒት ከኋላቸው መጥታ ቆመች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ሰው ቤት አላጣም። አንቺ እኔን እያየሽ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«አይወስደኝም» አለች ትምኒት። «ብትሄጂም አይወስደኝም።»

ቦርሳውን ከእጃቸው ወስዳ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። የጓሮው ቧንቧ ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ የመጣውን ውኃ ወደ ሮቶው ሲገፋ ይሰማ ነበር።

«አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ» አለች ትምኒት። «እኔ የማላውቀው ሰው ነው የሞተብኝ። ማሂ ነገ ስለ አባቷ ስትጠይቀኝ የምነግራት ነገር ይኑረኝ። አንቺ ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ከጣለው ቀን ጀምረሽ ንገሪኝ፤ ምንም እንዳትዘይ።»

የሺወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። ትምኒት እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

«ስድስት ዓመቱ ነበር» አሉ ከዚያ። «ከትምህርት ቤት እየተመለስን ነው። እጁን ይዤው ነበር።»